ቁጥሩ ልክ፣ ሲባጎው ግን ሁለት፦ የአንድ ግንበኛ መነጽር ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ግንበኛ ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሊሞላ ነው። ኮዬ ፈጬ አካባቢ ብሎኬት ሲደረድሩ ዓመታት አልፈዋል። የሩቁን ያለ መነጽር አያዩም። አዲስ መነጽር ካሠሩ በኋላ ግን ለግድግዳ የሚወጥሩት ሲባጎ ሁለት ሆኖ ይታያቸው ጀመር። ወደ ሠራላቸው ቤት ተመለሱ። እዚያም መነጽሩን በማሽን ለኩትና “ቁጥሩ ልክ ነው፣ ይለምዱታል” ብለው ሸኟቸው።

ቁጥሩ እውነትም ልክ ነበር። ጉዳዩን ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው። መነጽር መለካት ማለት ቁጥር ማንበብ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሙያው ውስጥ ያለንም ጭምር፣ ሰው ሲበዛብን፣ ቁጥሩን አይተን እናልፋለን። የእኚህ ሰው ስቃይ የመጣው ከቁጥሩ ጎን መለካት ከነበረበትና ካልተለካ ነገር ነው።

እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፤ የዓይን እይታ እየለካሁ መነጽር የማዝ ባለሙያ። የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ባለ ትንሽ መነጽር ቤት ነው። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ስማቸው ይቆየንና እኔ እንደምጠራቸው “ጋሼ” እያልኩ ልቀጥል።

ምን ብለው መጡ

“እህቴ፣ ይሄ ነገር ጭንቅላቴን ሊያፈነዳው ነው” አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። ራስ ምታቱ ከቅንድባቸው መሃል ይጀምራል። ጠዋት ሥራ ሲገቡ ደህና ናቸው። ከምሳ በኋላ ሲባጎው ይከፈላል፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ራቅ ያለውን ሲያዩ ደግሞ በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ይሰፋል። አንድ ቀን የተሳሳተውን ሲባጎ ይዘው ረድፍ አስጀመሩ። ፎርማኑ መጥቶ አስፈረሰባቸው። ሲሚንቶው ባለመድረቁ ብሎኬቱ ተረፈ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው በረዳቶቹ ፊት ግድግዳ ሲፈርስበት ምን እንደሚሰማው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። “ቱምቢውስ ጋሼ? ቱምቢውም ሁለት ይሆንብዎታል?”

ትንሽ አሰቡና “ቱምቢው? ኧረ እሱ አንድ ነው” አሉ።

ይህ መልስ ግማሹን ሥራ ሠራልኝ። ሲባጎ አግድም የሚወጠር ክር ነው። ቱምቢ ደግሞ ወደ ታች የሚንጠለጠል። የሁለቱ ዓይኖች ምስል ወደ ላይና ወደ ታች ከተለያየ፣ አግድሙ ክር ሁለት ሆኖ ይወጣል። ቁልቁሉ ክር ግን በራሱ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይከፈልም። ልዩነቱ ወደ ጎን ቢሆን ኖሮ የሚከፈለው ቱምቢው ነበር። ስለዚህ ገና ምንም መሣሪያ ሳልነካ፣ ችግሩ ምስልን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚገፋ ነገር መሆኑን አወቅሁ።

መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ መነጽሩን

ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ሁልጊዜ የመነጽር ጥፋት አይደለም። የዓይን ጡንቻን የሚያዝ ነርቭ ሲጎዳም ይመጣል። በድንገት የጀመረ ከሆነ፣ የዓይን ቆብ ከወደቀ፣ አንዱ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ከባድ ራስ ምታት አብሮ ካለ፣ ሰውየው መሄድ ያለበት ሆስፒታል ነው። ያውም በዚያው ቀን። መነጽር ቤት ተቀምጦ ሌንስ የሚቀያየርበት ጉዳይ አይደለም። ጋሼ እነዚህ ምልክቶች አልነበሯቸውም። ዓይኖቻቸው ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዞራሉ።

አዲሱን መነጽር አድርገው በሩ ላይ የወጠርኩትን ክር እንዲያዩ አደረግሁ። ሁለት ነው አሉ። ግራ ዓይናቸውን ስሸፍነው የላይኛው ክር ጠፋ። ቀኙን ስሸፍነው የታችኛው ጠፋ። በአንድ ዓይን ሲያዩ ክሩ አንድ ነው፣ ጥርት ብሎም ይታያል። የፊደል ሰሌዳውንም እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው 6/6፣ ማለትም በሙሉ እይታ፣ አነበበ። እንግዲህ ዓይን በዓይን ለፈተነ ሰው ይህ መነጽር እንከን የለውም። እንከኑ የሚወጣው ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲሠሩ ነው።

አሮጌውን መነጽርም ይዘው መጥተው ነበር። አንድ እግሩ ተሰብሯል፣ ሌንሱን ሲሚንቶ ፍቆታል። በእጃቸው ደግፈው ሲያዩበት ክሩ አንድ ሆነ። ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ መነጽር ዞረ።

መነጽር ሳያደርጉ ስልካቸውን እንዲያነቡም ጠየቅኳቸው። ከፊታቸው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠግተው አነበቡ። ይህ ራሱ ልኬት ነው። የሌንስን ኃይል የምንለካበት ዳዮፕተር የተባለው አሃድ 1ን በሜትር ለተለካ ርቀት በማካፈል ይገኛል። አሃዱን በ1872 ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ፈርዲናንድ ሞኖየር ነው። 20 ሴንቲ ሜትር 0.2 ሜትር ነው። 1 ለ0.2 ሲካፈል 5 ይመጣል። የሩቅ የማያይ ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይበት የመጨረሻው ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ሌንስ ወደ ማይነስ 5 ይጠጋል ማለት ነው።

መብራት በሌለበት ቀን

በዚያ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ለሰፈራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኦቶማቲኩ መለኪያ ያለ መብራት አይሠራም። ሌንስ ለመለካት ግን የሚያስፈልገው ብርሃን ነው እንጂ የግድ የመብራት ኃይል ብርሃን አይደለም።

የጀመርኩት ከመስኮቱ ነው። መነጽሩን ከዓይኔ ክንድ ያህል አርቄ፣ በሌንሱ ውስጥ ማዶ የቆመውን የመብራት ምሰሶ እያየሁ ሌንሱን ወዲህ ወዲያ አንቀሳቀስኩት። ምሰሶው ሌንሱ ወደሄደበት አብሮ ሄደ። ይህ የማይነስ ሌንስ ጠባይ ነው። ፕላስ ቢሆን በተቃራኒው ይሄድ ነበር። ከዚያ ከመሞከሪያ ሳጥኑ የፕላስ ሌንሶችን እያወጣሁ አንድ በአንድ ደረብኩበት። ቀኙ ላይ ፕላስ 5.00 ስደርብ ምሰሶው ቆመ። ግራው ላይ ፕላስ 4.50። እንቅስቃሴው ሲቆም ሁለቱ ሌንሶች ተጣፍተዋል ማለት ነው። ያልታወቀው ሌንስ የታወቀው ተቃራኒ ነው። ቀኝ ማይነስ 5.00፣ ግራ ማይነስ 4.50 ሆነ። አሮጌውም እንዲሁ። ሁለቱም መነጽሮች በቁጥር አንድ ናቸው።

ቀጥሎ የመስኮቱን የብረት ፍርግርግ ተጠቀምኩ። ማንኛውም ሌንስ ብርሃን ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት አንድ ነጥብ አለው። በሙያው ኦፕቲካል ሴንተር ይባላል፤ እዚህ መሃል ልበለው። አግድሙን ብረት በመሃሉ በኩል ካየነው፣ በሌንሱ ውስጥ ያለው ብረትና ከሌንሱ ውጭ ያለው ብረት ሳይሰበር ይቀጥላል። ከመሃሉ ወጣ ካልን ብረቱ ጠርዙ ላይ ይሰበራል። መነጽሩን ቀጥ አድርጌ ይዤ ቀኙን ከብረቱ ጋር አስተካከልኩ። ብረቱ ቀጥ አለ። ከፍታውን ሳልለውጥ ወደ ግራው ሌንስ አለፍኩ። ብረቱ ተሰበረ። በሌንሱ ውስጥ ያለው ቁራጭ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ደረጃ ሠራ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። “ይሄ እኮ በውሃ ልክ ያልተያዘ ረድፍ ነው!” አሉ። ልክ ናቸው።

በሌንሶሜትር

በመስኮት ብረት ያየሁትን በቁጥር ማስቀመጥ ነበረብኝ። በእጅ የሚሠራ አሮጌ ሌንሶሜትር፣ ማለትም የሌንስ ቁጥር መለኪያ፣ አለን። የአምፖሉን ክዳን ከፍቼ የስልኬን ባትሪ ከኋላ አበራሁበት። አረንጓዴው ማጣሪያ ከውስጥ ስላለ መስመሮቹ እንደወትሮው አረንጓዴ ሆነው ታዩ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ስላለ አሠራሩን ላስረዳ። ከሁሉ በፊት የዓይን መመልከቻው ለሚለካው ሰው ዓይን መስተካከል አለበት። መመልከቻውን ወደ ውጭ አዙሮ ማደብዘዝ፣ ከዚያ የውስጡ መስቀል ገና ጥርት እንዳለ ማቆም። ይህ ካልተደረገ የምትለካዋ ሰው የራሷን ዓይን ጥረት ሌንሱ ላይ ትደምራለች። ከዚያ ምንም ሌንስ ሳይኖር መሣሪያው ዜሮ ላይ መጥራቱን ማየት ነው። ሌንሱ የሚቀመጠው ወደ ዓይን የሚዞረው ጎኑ መደገፊያውን ነክቶ ነው። የመነጽር ቁጥር የሚቆጠረው ከዚያ ጎን ስለሆነ ነው። በወፍራም የፕላስ ሌንስ ገልብጦ መለካት ቁጥሩን በግልጽ ይለውጠዋል።

ቀኙን አስቀመጥኩ። ማይነስ 5.00 ላይ የቆመውም የተጋደመውም መስመር በአንድ ጊዜ ጠራ። በአንድ ጊዜ ከጠሩ ሲሊንደር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጨመር ኃይል፣ የለም ማለት ነው። አስቲግማቲዝም (በተለያየ አቅጣጫ እኩል አለማተኮር) ላለበት ዓይን የተሠራ ሌንስ ቢሆን አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዝ ነበር። ሁለቱ መስመሮች የሚሠሩትን መስቀል መሃል አድርጌ በመሣሪያው ቀለም ነጥብ አኖርኩ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። መነጽሩ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ከፍም ዝቅም ሳላደርግ ወደ ግራው ሌንስ ገፋሁት። ማይነስ 4.50 ላይ መስመሮቹ ጠሩ። ቁጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን መስቀሉ መሃል ላይ የለም። መመልከቻው ውስጥ የፕሪዝም መጠን፣ ማለትም ሌንሱ ምስልን ከቦታው የሚገፋበት ልክ፣ የሚነበብባቸው ክቦች አሉ። መስቀሉ ከሁለተኛው ክብ ትንሽ አልፎ ተቀምጧል። ሁለት ከሩብ ገደማ። ጠረጴዛውን አንቀሳቅሼ መስቀሉን መሃል ካመጣሁት በኋላ እዚህም ነጥብ አኖርኩ። መነጽሩን አውጥቼ የሁለቱን ነጥቦች ከፍታ በማስመሪያ ለካሁ። የግራው በ5 ሚሊ ሜትር ይበልጣል።

ሁለቱ ንባቦች እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። በአሜሪካዊው ቻርልስ ፕሬንቲስ ስም የሚጠራ ቀላል ደንብ አለ። ዓይን ከሌንሱ መሃል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ በሌንሱ ቁጥር ይባዛል። ውጤቱ በፕሪዝም ዳዮፕተር ይገለጻል። 0.5 ሲባዛ በ4.5፣ 2.25 ይሆናል። ክቦቹ ላይ ያነበብኩትም እሱን ነው።

1 ፕሪዝም ዳዮፕተር ምስልን በ1 ሜትር ርቀት ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ይገፋል። ስለዚህ የጋሼ ግራ ሌንስ 1 ሜትር ላይ ያለውን ሲባጎ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ላይ ያነሣዋል። 4 ሜትር ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክፍተቱ ራቅ ሲል ይሰፋል ያሉት ይህንን ነበር። ጠዋት ጠዋት ለምን ደህና ሆኑ? የዓይን ጡንቻዎች ይህን ልዩነት እየጎተቱ ለማካካስ ስለሚሞክሩ ነው። ወደ ጎን የመጎተት አቅማቸው ሰፊ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ግን በጣም ውስን ነው። እስከ ምሳ ይታገላሉ፣ ከምሳ በኋላ ይደክማሉ። ራስ ምታቱም የዚያ ትግል ነው። የአሜሪካ የመነጽር ደረጃ እንዲህ ላለ ከፍ ያለ ቁጥር የሚፈቅደው የከፍታ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ነው። የእሳቸው 5 ነው። “ይለምዱታል” የሚባል መጠን አይደለም።

ግንበኛው ቀጥ ብለው ቆመው መነጽሩን እንዲያደርጉም አደረግሁ። አንዳንድ ሰው አንዱ ዓይኑ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ለእንዲህ ያለ ሰው እኩል ያልሆነ መሃል ትክክል ሊሆን ይችላል። የእሳቸው ብሌኖች እኩል ናቸው። የቀኙ ነጥብ ብሌኑ ፊት ተቀመጠ። የግራው ወደ ቆቡ ተጠግቶ ቀረ። የአሮጌው መነጽር ሁለት ነጥቦች ግን በአንድ መስመር ላይ ነበሩ።

በራሳቸው ሜትር

ጋሼ ሁሉንም ሰምተው “ቁጥሩ ልክ ነው ያልሽውን ግን በምን አምናለሁ?” አሉ። ጥያቄያቸውን ወደድኩት። እጅ በእጅ ሊያረጋግጡት የሚችሉት መንገድ አለ።

ፕላስ ሌንስ የሩቁን ብርሃን ሰብስቦ ወረቀት ላይ ምስል ይጥላል። ከሌንሱ እስከ ምስሉ ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ 1 ሲካፈልለት ቁጥሩ ይወጣል። ማይነስ ሌንስ ብርሃንን ስለሚበትን ብቻውን ምስል አይጥልም። ከእሱ የበረታ ፕላስ ሲደረብበት ግን ይጥላል። ከሳጥኑ ፕላስ 8.00 አወጣሁና ከቀኙ ሌንስ ጋር አጣብቄ በመስኮቱ ትይዩ ያዝኩት። ከኋላው ነጭ ወረቀት አቁመው ወደፊትና ወደኋላ እንዲያንቀሳቅሱት ነገርኳቸው። አንድ ቦታ ላይ ማዶ ያለው ኮንዶሚኒየም ከነቆርቆሮው፣ ከነሰማዩ፣ ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለ። ጋሼ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ከኪሳቸው ሜትራቸውን አወጡና ለኩ። 33 ሴንቲ ሜትር። 1 ለ0.33 ሲካፈል 3 ነው። ከ8 ምን ሲቀነስ 3 ይቀራል? 5። በግራው ደግመው ለኩ። 29 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። 3.5 ነው። ከ8 ላይ 4.5 ተቀንሷል። ሒሳቡን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ ብሎኬት ላይ በሚጽፉበት እርሳስ።

ይህን ቤቱ ለመሞከር የሚፈልግ አንባቢ ካለ ሁለት ነገር ይያዝ። ወደ ፀሐይ በሌንስ ማየት ዓይንን ያቃጥላል፤ ሩቅ ቤት ወይም ዛፍ ይበቃል። ሁለቱ ሌንሶች ደግሞ መነካካት አለባቸው። በእንዲህ ያለ ጥንድ ፕላሱ ከፊት ሆኖ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖር ውጤቱ ከሩብ ዳዮፕተር በላይ ይዛነፋል። የመነጽር ቁጥር የሚሄደው በሩብ በሩብ ነውና ያ ስሕተት ቀላል አይደለም። ለደንበኛ ሥራ ሌንሶሜትር የግድ ነው።

ምን ተደረገ

“ታዲያ ፍሬሙን አጣመም አድርገሽ አስተካክይልኛ” አሉ። የሚሆን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። የአፍንጫ መደገፊያውን ብናነሣ ሁለቱም ሌንሶች አብረው ይነሣሉ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እንዳለ ይቀራል። አንድ ጊዜ ተቆርጦ ፍሬም የገባ ሌንስ መሃሉ አይዘዋወርም። ስሕተቱ የሚፈጠረው ከመቆረጡ በፊት፣ መሃሉ ተለክቶ ምልክት ሲደረግና ሌንሱ መቁረጫው ላይ ሲታሰር ነው። ስለዚህ የግራው ሌንስ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት።

ያገኘሁትን በወረቀት ጻፍኩላቸው። ሁለቱ ቁጥሮች፣ የሁለቱ መሃሎች ከፍታ፣ የ5 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት፣ የ2.25ቱ ፕሪዝም። ይዘው ወደ ሠራላቸው ቤት ሄዱ። ቤቱ ወረቀቱን አይቶ፣ ራሱም ለክቶ፣ ያለ ክርክር የግራውን ሌንስ በነጻ ቀየረላቸው። ይህም መነገር አለበት። ደንበኛ “አልተመቸኝም” ብቻ ብሎ ሲመለስና የተለካ ነገር ይዞ ሲመለስ የሚገጥመው መልስ አንድ አይደለም። ሌንሱ እስኪደርስ ለአሮጌው መነጽር እግር ቀየርኩላቸውና በእሱ ሠሩ።

የተስተካከለውን መነጽር ይዘው ሲመጡ መብራት ነበር። ኦቶማቲኩ ላይ አስቀመጥኩት። ይህ ማሽን ከቁጥሩ ጋር ፕሪዝሙንም ያሳያል፤ ቅንብሩ ሲከፈትና የሚያነበው ሰው ሲኖር። በእጅም ነጥብ አደረግሁ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሆኗል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወልኩላቸው። ሲባጎው እስከ ማታ አንድ ነው፣ ራስ ምታቱም ለቋቸዋል።

እኛ ቤት በሥራ ካርዱ ላይ ከቀኝና ከግራ ቁጥር ቀጥሎ የመሃል ከፍታ የሚጻፍበት አንድ መስመር ጨምረናል። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው መነጽር ያ መስመር ሳይሞላ ከቤት አይወጣም።

አንድ ቀሪ ነገር አለ። ማይነስ 5 የደረሰ ዓይን ለሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን የኋላ ሽፋን) መላቀቅና ለግላኮማ ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የጋሼ የዓይን ውስጠኛ ክፍል መቼ እንደታየ ሲጠየቁ አያስታውሱም። ለዓይን ግፊትና ለሬቲና ምርመራ ሆስፒታል የሚሄዱበትን ወረቀት ጽፌላቸዋለሁ። ብሌኑ በጠብታ ስለሚሰፋ በዚያ ቀን ስካፎልዲንግ ላይ እንዳይወጡም ነግሬያቸዋለሁ። ቀጠሯቸው ጥር ላይ ነው።